ነፋስ የጠጣው ናፍጣ

የልጄ ባል መጀመሪያ የመዝሙሩን ድምፅ ቀነሰ፤ ቀጥሎ ጭራሹን ዘጋው። ከዚያ የነዳጁን ጌጅ መስታወት በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገና ዝም አለ።

አደጋ ላይ መሆናችንን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሹፌር ሲራገም ምንም አይደል፤ ዝም ሲል ነው መፍራት። ደባርቅን ትተን የስሜንን ዳገት ከተያያዝነው ቆይተናል። በግራ በኩል ገደል ነው፤ ቆላው አገር ከታች ጭጋግ ለብሶ ተዘርግቷል። በቀኝ በኩል ተራራ ነው። ከፊታችን ደግሞ የቧሂት አናት አለ፤ መንገዱ ወደ እሱ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

"ምነው?" አልሁት ከኋላ ወንበር።

"ምንም የለም እማማ።"

"ምንም ከሌለ ምነው መስታወቱን ትኮረኩረዋለህ?"

"ናፍጣው ሊያልቅ ነው" አለ። "ከአናቱ በፊት ካለቀ እዚሁ ነን።"

ልጄ አጠገቤ ናት። ነገ አርባ ቀን የሚሞላውን ወንድ ልጇን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ይህን ስትሰማ ጋቢውን ሳብ አደረገችና የልጁን ጆሮ ሸፈነች፤ ናፍጣ ማለቁን እሱ እንዳይሰማ ይመስል። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ከደባርቅ ወዲህ ያየነው ማኪና አንድ የእህል ጭነት ማኪና ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ታች የሚወርድ። እዚያ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ትልቅ ሰው እንኳ ፍም አቅፎ ነው የሚያድር፤ አርባ ቀን ያልሞላው ሳንባ ምን ይሆናል?

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ልጄ አግብታ ሳትወልድ ብዙ ዘመን ተቀምጣለች። ባሏ የጃናሞራ ሰው ነው። ጎንደር ገብቶ ፒክአፕ እየነዳ ጭነት ያመላልሳል፤ ፀዳ ለሚሠራው ቤት ሁሉ ሲሚንቶ ያደርሳል፣ አይከል ወርዶ እህል ጭኖ ይመለሳል። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ላደገባት ደብር ተሳለ፤ ልጅ ከተሰጠኝ በር አስገባለሁ ብሎ። የዚያች ቤተ ክርስቲያን በር በፀሐይና በውርጭ ተሰነጣጥቆ፣ ቅዳሴ ላይ ጧፍ እያጠፋ ካህናቱን ያስቸግር ነበር አሉ። ልጄ ፀነሰች። ወንድ ወለደች። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ስለዚህ ልጁም በሩም ባንድ ቀን እንዲገቡ ተቆረጠ።

በሩ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። ጎንደር ላይ አናጢ ሠራው፣ ሰዓሊ ሣለበት። በያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ሰይፉን የመዘዘ አንድ አንድ ሊቀ መላእክት ቆሟል፤ ክንፉ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። እኔ ትምህርቴን ያቆምሁ ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ሥዕል ሰው ሲያወራ እሰማለሁ እንጂ አላውቅም። ግን ሰዓሊው ግቢ ገብቼ ከፊታቸው ስቆም፣ ሳላስበው ነጠላዬን መስቀልያ አጣፋሁ።

ጣጣው የመጣው ሲጫን ነው። በሩን ለማጀብ የአማቼ አጎት ከጃናሞራ ወርደው ነበር። ሁላችንም "አያ" ነው የምንላቸው። ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው ድቁና ቀምሰው ወደ እርሻ የተመለሱ። አማቼ መዝጊያዎቹን ፒክአፑ ላይ አስተኝቶ ሸራ ሊያለብስ ሲል አያ ከዘራቸውን አጋደሙበት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላስተኛቸው ነዋ አያ።"

"መልአክ ታስተኛለህ? ታሞ ሐኪም ቤት የምትወስደው መሰለህ?"

"እንጨት ነው እኮ። መንገዱም ሩቅ ነው።"

"እንጨትስ ያንተ አልጋ ነው! መልአክ ቆሞ ነው የሚጠብቅ። ተንጋሎ የሚጠብቅ ዘበኛ አይተህ እንደሆን ንገረኝ። ፊቱም በሸራ አይታፈንም፣ ደረቱም በገመድ አይታሰርም።"

ጎረቤቱ ሁሉ "እውነታቸውን ነው" አለ። እኔም አልሁ። ማን ነው መልአክ አስተኝቶ የሚሄድ? ስለዚህ መዝጊያዎቹ ከጋቢናው ኋላ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ፊታቸው ወደ ፊት፣ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ደረታቸው ድረስ ይታያሉ። ጠርዝ ጠርዙ ብቻ በጠፍር ታሰረ። አያ ከኋላቸው አጎዛ አነጠፉና ተቀመጡ።

ከማራኪ ተነሥተን ከተማውን ስናቋርጥ ሰው ቆሞ ይሳለማል። ሴቱ እልል ይላል። ባጃጆች መንገድ ይለቃሉ። አማቼ ደስ ብሎት በዝግታ ነዳ። ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞልቶት ነበር፤ "ደርሰን ግማሽ መንገድ እመለስበታለሁ" ብሎኛል። ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄዶታል፤ ይህን ያህል ቁመት ያለው ነገር ጭኖ ግን አያውቅም።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሸጋ ነበር። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሲገለጥ ነፋሱ ከፊት ለፊት መጣ። የካቲት ነው፤ አውድማው ሁሉ ተወቅቶ አልቋል፣ ነፋሱ የሚያዘራው ገለባ አጥቶ እኛ ላይ የዋለ ይመስላል። ማኪናዋ እንደ ተጠመደ በሬ አንገቷን ደፍታ ትስባለች። አማቼ ማርሽ ይቀንሳል፣ ይረግጣል። ዳባት ላይ ለሻይ ስንቆም አያን "ነፋሱ አልጎዳዎትም?" አልኋቸው።

"የምን ነፋስ?" አሉኝ። "እዚህ ኋላ እኮ የጠጅ ቤት ሙቀት ነው። መላእክቱ ጋርደውኝ እንቅልፌን ስለጥጥ ነው የመጣሁ።"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። የእሳቸው ሙቀት ከየት እንደመጣ ማንም አላሰበም።

ደባርቅ ስንደርስ ጌጁ ከግማሽ በታች ወርዷል። ማደያው በገመድ ታጥሯል፤ ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ በእጁ "የለም" አለን። እንደር ብንል ነገ አርባኛው ቀን ነው፤ ካህናቱ ተነግሯቸዋል፣ ድግሱ ተደግሷል። አማቼ ጌጁን አየ፣ ዳገቱን አየ። "ይበቃናል" አለ። ሄድን።

ያን መንገድ ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከተራራው በታች ሆኜ ተራራውን ሳይ ኖሬአለሁ፣ እላዩ ግን ወጥቼ አላውቅም። በወጣን ቁጥር ሰማዩ ይጠቁራል። ሰማይ ሲቀርቡት ይነጣ ይመስለኝ ነበር፤ የለም፣ እንደ ኒል ጨርቅ ይጠቁራል። ጆሮዬ ድፍን ብሎ ይከፈታል። ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ አሞራ ክንፉን አንዴም ሳያራግብ፣ ነፋሱ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ከእኛ እኩል ሄደ፤ ዓይኑን አየሁት። ከእሱ በታች ሌሎች ተራሮች ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ሰው ቤት የሠራ እየመሰለው እዚያ ታች ይኖራል። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ አንሥቶ ሲያቆም ማን አየው? "አቤት ሥራህ!" አልሁ። ልጄም "እማ፣ ዝም በይ፣ ያስፈራኛል" አለችኝ።

ማኪናዋ ግን ትንፋሽ አጥሯታል። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። አማቼን ምን እንደሆነች ጠየቅሁት።

"ሞተር የሚበላው ሁለት ነገር ነው እማማ፣ ናፍጣና አየር" አለ። "እዚህ ላይ አየሩ ስስ ነው። አየር ሲያጥራት ጉልበት አጣች፤ ጉልበት ስታጣ በአንደኛ ማርሽ እረግጣታለሁ፤ ስረግጣት ናፍጣውን ትጨልጣለች። ግማሹንም ሳትፈጨው ጭስ አድርጋ ትተፋዋለች።"

መዝሙሩን የዘጋው ከዚህ በኋላ ነው። ጌጁን ኮርኩሮ ዝም ያለው።

"እንመለስ" አለች ልጄ።

"ወደ ደባርቅ አያደርሰንም፤ መሀሉ ዳገት ቁልቁለት ነው" አላት። "ወደ ፊት ግን አናቱን ካለፍን እስከ አገራችን ቁልቁለት ነው። አናቱን ብቻ።"

"አናቱን ያደርሳል?"

ጌጁን እያየ ረገጠ።

አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ቋጥኝ በከፊል ጋርዶ የሚይዝበት ቦታ፣ አቆመ። ነፋሱ ቆመንም ያወዛውዘናል። ልጄ የሕፃኑን እጅ ከጋቢው አውጥታ ሰጠችኝ። "እማ፣ ንኪው።" ነካሁት። ቀዝቅዟል። ጣቶቹ እንደ ወትሮው ጣቴን አልያዙም። ፈዞ ነው ያለ፤ አያለቅስም። ቢያለቅስ ኖሮ ደስ ባለኝ።

በሩን ከፍቼ ወረድሁ። ምን ላደርግ እንደወረድሁ አላውቅም፤ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ እንጂ። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ነጥቆ አንገቴ ላይ ጠመጠመው። ማኪናዋን ደግፌ ቆምሁና ዙሪያውን አየሁ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተዳፋቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ መንጋው ሁሉ፣ ጎፈራሙም ሕፃን ያዘለችውም፣ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ አቀርቅሯል። ጓሳው ሣር መሬት ላይ ተኝቷል፤ ነፋሱ በላዩ ያልፋል፣ እሱ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ከዚያ ከታች እስከ ላይ ቀና ብሎ የቆመ ጅብራ የሚሉት ረጅም የውርጭ አገር ተክል ብቻ ነው። ዘወር ስል መላእክቱን አየኋቸው።

ከፊት ሆኜ ሳያቸው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ከጋቢናው በላይ ሰይፋቸውን መዝዘው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ያን ሁሉ ነፋስ በደረታቸው ይዘዋል። ጠፍሩ እንደ በገና ጅማት ያስገመግማል። ልስገድ ወይስ ልሽሽ አላውቅም። እጄን ዘርግቼ የአንደኛውን መዝጊያ ጠርዝ ነካሁ፤ ነፋሱ በእንጨቱ ውስጥ ሲገፋ መዳፌ ላይ ይመታል፤ የሰው ጉልበት ነው የሚመስል፣ አሥር ጎረምሳ ከወዲያ ሆኖ ማኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋት ያህል። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ሲገፋት የዋለ ይኼ ነው። ናፍጣችንን የጠጣው ይኼ ነው።

አማቼ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በሩን አሳየሁት። አንገቱን ደፋ።

"ጠርጥሬአለሁ እማማ" አለ። "አያን ፈርቼ ነው።"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ወደ ኋላ ዞርን። አያ አጎዛቸው ላይ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"ደረስን?" አሉ።

"አልደረስንም። ናፍጣው እያለቀ ነው።"

"ምነው? ይቺ ማኪና አህያ ናት? ትናንት አጠገብሁ ሲል አልነበረም እንዴ!"

"አያ፣ እስቲ ይውረዱ።"

"ለምን እወርዳለሁ? ተመችቶኛል።"

"ይውረዱና ይዩ አያ። ስለ ወላዲተ አምላክ።"

እያጉረመረሙ ወረዱ። ከመዝጊያዎቹ ጥላ አንድ እርምጃ ሲወጡ ነፋሱ ባርኔጣቸውን ወሰደው። ወደ ገደሉ ሲበር ቆመው አዩት። ሽቅብ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ እንደ ወፍ ሆነ፣ ጠፋ። አያ ራሳቸውን ዳበሱ።

"እንዴ" አሉ ቀስ ብለው። "ይኼ ሁሉ ነበር?"

"ይኼ ሁሉ ነው እኛን የሚገፋን" አልሁ። "እርስዎ እኮ ሙቀት ላይ የዋሉት መላእክቱ ነፋሱን ስለ ተቀበሉልዎት ነው። እናስተኛቸውና እንለፍ አያ።"

"አይሆንም።"

"አያ!"

"አይሆንም አልሁ። ካህናቱ በምን መጣ ሲሉኝ ተንጋሎ መጣ ልበል? ስለት ነው፤ በስለት ይቀለዳል?"

አማቼ "እንግዲያው ወደ ጎን እናዙራቸው፣ ቆመውም ይሄዳሉ" አለ። ወዲያው ራሱ ገደሉን አየና ተወው። ከመታጠፊያው ስንወጣ ነፋሱ ከጎን ቢመጣ ይዞን እንደሚሄድ ባርኔጣው አሳይቶናል።

ልጄ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "እማ" አለች። ድምፅዋን ሰማሁትና ፍርሃቴ ሁሉ ወደ አፌ መጣ። በእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም፤ የአማች ዘመድ ነው፣ ይከበራል። ያን ጊዜ ግን ጮህሁ።

"ስለቱ ለማን ነው አያ? ለዚህ ልጅ አይደል? ለልጁ ብሎ የመጣ መልአክ ለልጁ ብሎ ቢተኛ ምን ይለዋል? እመቤታችን ልጇን ይዛ በበረሃ ስትሰደድ መልአኩ 'እኔ ቆሜ ልሂድ፣ አንቺ ብርዱን ቻይው' ብሏታል? ደግሞስ ገና አልተባረከም፤ ሜሮን አልነካውም። ቆሞ ቢደርስና ሕፃኑ ባይደርስ፣ በሩን ለማን ይከፍቱታል?"

አያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ልጄ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ የሕፃኑን ፊት አሳየቻቸው። ከንፈሩ ዳር ላይ የጠቆረውን ቀለም አዩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና በመስኮቱ አቀበሏት፤ እሳቸው በእጀ ጠባብ ቀሩ።

"እኔ ነኝ የማስተኛቸው" አሉ። "ሌላ ሰው እግራቸውን አይንካ።"

ጠፍሩን ፈታን። አንዱ መዝጊያ ሲላቀቅ ነፋሱ ያዘው፤ አማቼ በትከሻው፣ አያ በጭንቅላታቸው፣ እኔ በሁለት እጄ ተንጠለጠልንበት። እግሬ ከመሬት እንደ ተነሣ ዛሬም ይታየኛል። አያ "እኔን፣ እኔን፣ እኔን ምታኝ፣ እሱን ተው!" እያሉ ነፋሱን ይለምኑታል። ለድግሱ የያዝነውን ፍራሽ አነጠፍን፣ በላዩ ለክርስትናው የገዛሁትን አዲስ ኩታ፤ መዝጊያውን ቀስ አድርገን፣ ፊቱ ወደ ላይ፣ እንደ ሕፃን አስተኛነው። ሁለተኛውንም። አያ ከመሀላቸው ተንበርክከው "ይፍቱኝ" አሉ። ተኝተው ሳይ ደነገጥሁ፤ ያ ትልልቅ ዓይናቸው አሁን ቀጥ ብሎ ያን ጥቁር ሰማይ ያያል፤ የሚያዩት ነገር ያለ ይመስላል።

ማኪናዋ ስትነሣ ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ከመታጠፊያው ወጥተን ነፋሱ ላይ ገባን፤ መጣ፣ በላያችን አለፈ። አማቼ ማርሽ ጨመረ። ካምቢዮው ሁለተኛ ላይ ሲገባ "እሺ አለች!" ብሎ ጮኸ፤ ቆም ብሎም "ዝም በሉ፣ እንዳትሰማ" አለ፤ ልጄ በዕንባዋ ውስጥ ሳቀች። ጌጁ ቀዩ ላይ ተኝቷል። እኔ ጌጁን አላይም፤ የሕፃኑን እግር አውጥቼ ብብቴ ውስጥ ከትቼ ዳዊት የማውቃትን ያህል እደግማለሁ። አንድ ጥምዝ፣ ሌላ ጥምዝ። አንዱ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ተንተባተበ፤ ሦስታችንም ወደ ፊት ጎንበስ አልን፣ እኛ ብንገፋት የምትሄድ ይመስል። ያዘች። ድንጋይ፣ ጅብራ፣ ድንጋይ። ከዚያ ከፊታችን መሬት አልቆ ሰማይ ብቻ ሆነ፤ የማኪናዋ አፍንጫ ዝቅ አለ።

አናቱ ነው። ወዲያኛው አገር በሙሉ ከእግራችን በታች ተዘረጋ፤ ሸንተረር ላይ ሸንተረር፣ መሀሉ ላይ የፀሐይ ብርሃን እንደ ውሃ ይፈስሳል።

አማቼ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። "ሞተሩን አጥፍቼ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ልልቀቃት፤ ጠብታም አትጠጣ።"

"እጅህን አንሣ!" አልሁት። "ፍሬኑ እንቢ ቢልህስ? ከብርድ ተርፈን ገደል ልንገባ?"

"እውነትሽን ነው" ብሎ ሳተ፤ እኔን አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው "እውነትዎን ነው እማማ" አለ። በማርሽ ይዟት ወረደ። በማርሽ ስትወርድም ቁልቁለቱ ነው የሚያሽከረክራት፣ እምብዛም አትጠጣም አለኝ። በወረድን ቁጥር ማኪናዋ ጭሷን ተወች። ጆሮዬ ተከፈተ። መስኮቱ ላይ ያስቀመጥሁት እጄ ሙቀት አገኘ። አንድ ሰፈር ያህል እንደወረድን ከጋቢው ውስጥ መጀመሪያ ማስነጠስ፣ ቀጥሎ ለቅሶ መጣ። ወፍራም የቁጣ ለቅሶ። እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ጡቷን አውጥታ ሰጠችው፤ ያዘ፤ ሲስብ ይሰማል።

የደብሩ ዛፎች ሲታዩ አያ ጣሪያውን በከዘራ ደበደቡት።

"አቁም! አቁም ብያለሁ! ሰው ሳያየን ይነሡ!"

እዚያ ነፋስ የለም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ ዝም ብሏል። አማቼ ሊያጉረመርም ሲል በዓይኔ ገሠጽሁት። መዝጊያዎቹን አነሣን፣ አቆምን፣ አያ የክንፋቸውን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ። ወደ ኋላ ሄደው አልተቀመጡም፤ ራሳቸውን ገልጠው፣ በእጀ ጠባብ፣ ከማኪናዋ ፊት ፊት በእግራቸው መሩን። አውላላው ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ደውሉ ተደወለ። ሞተሩ ከደጀ ሰላሙ ፊት ሁለቴ ሳል ብሎ ራሱ ጠፋ፤ አማቼ ቁልፉን አልነካውም።

የአማቼ እናት ሮጠው መጥተው ሕፃኑን ከልጄ እጅ ተቀበሉ። እጁን ከጋቢው አውጥተው ሳሙት። እኔም ጣቴን ሰጠሁት። ሞቋል፤ ያዘኝ። ሴትየዋ ፊቴን አይተው "ምነው እመቤት፣ ምን ሆናችሁ?" አሉኝ።

"ደርሰናል" አልኋቸው። "ልጁም ደህና ነው፤ ሁላችንም ደህና ነን።"